የቮልሴ የኋላ ፍሬን ቧንቧ አልገባ አለኝ

ጅማ ነኝ። በፈረንጅ የ1967 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ፔዳሉን ስረግጥ የፊቱ ይይዛል፣ የኋላው ዝም። የኋላ ፍሬኑን የላስቲክ ቱቦዎች ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) ጋ ቧንቧውን ስፈታው ዘይቱ ይፈሳል፣ ኋላ ግን ጠብታ የለም። የተደፈነው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ቧንቧ ነው ማለት ነው። ምንጣፉን ሳነሳ ዝገቱ እንደ ቡና አተላ ተከምሯል።

አዲስ የብረት ቧንቧ ገዛሁ። አንድ መካኒክ የፍሪጅ መዳብ ቧንቧ ይበቃሃል አለኝ፤ በፍሬንማ አልጫወትም። ያስቸገረኝ ኋላ ያለው የቧንቧው መውጫ ቀዳዳ ነው፤ እጄ አይገባም፣ ሁለቴ ስሞክር ቧንቧው ተቆለመመብኝ።

ቦዲውን ሳላነሳ፣ ቧንቧውን ውጭ አጥፌ ከኋላ ላስገባው ወይስ ቀጥ እንዳለ ከፊት አስገብቼ ቦታው ላይ ልጠፍው?