የሐኪሞች መደጋገፊያ ቡድን ጀምረን ግራ ገብቶናል፤ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል የኢንተርናል ሜዲስን (የውስጥ ደዌ ሕክምና) ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ኢንተርኖች (የሕክምና ትምህርታቸውን ለመጨረስ ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ላይ ያሉ) እና ሬዚደንቶች የልባቸውን የሚተነፍሱበት ትንሽ ቡድን ጀምረናል። ታካሚ ሲሞትብን፣ ራውንድ ላይ (ታካሚዎችን እየዞርን ስናይ) ሰው ፊት ስንዋረድ፣ ከዲውቲ (ከተረኝነት) ወጥተን እንቅልፍ እምቢ ሲለን የምናወራበት ቦታ አልነበረንም።

ያሰብነው የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሚካኤል ባሊንት እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ለሐኪሞች የጀመረውን ዓይነት ውይይት ነው። አንዱ ያስጨነቀውን ታካሚ ያነሳል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ለምክር አይቸኩልም።

ችግሩ ፍርሃት ነው። የቡድኑ አባላት «ያወራሁት ሲኒየሮች (አስተማሪ ሐኪሞቻችን) ጆሮ ቢደርስስ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ውጤት የሚሰጡን እነሱ ናቸው። በተለይ ኢንተርኖቹ መጥተው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይቀራሉ። እኔን የሚያስጨንቁኝ እነዚህ ዝም ያሉት ናቸው።

እባካችሁ፣ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ውይይቱን ማን ይምራው? ከእኛው አንዱ ወይስ ከውጭ የመጣ የሥነ ልቦና ባለሙያ? ኢንተርኖቹን ለብቻ እናድርጋቸው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አንዱ «መኖር ሰልችቶኛል» ቢለን ብቻውን አንተወውም፤ ወደ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና ክፍል) እንወስደዋለን። ግን እዚያ ያሉት አስተማሪዎቹ ናቸው። በሌላ ሆስፒታል በምስጢር የሚታይበትን መንገድ ያመቻቻችሁ አላችሁ? እንዴት አደረጋችሁት?