ኦፓሉ ውስጥ ያለው ዛፍ መሳይ ነገር ባክቴሪያ ነው ተባልኩ፣ እውነት ነው?

የወገል ጤናው፦
ሰላም ቤተሰብ። ወሎ፣ ወገል ጤና ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ እየገዛሁ፣ እየሞረድኩ ነው የምኖረው። ሰሞኑን ከገደሉ ከወጣ ጥሬ መሃል አንድ ለየት ያለ ደረሰኝ። ቀለሙ ሸጋ ነው፣ እሳት የመሰለ ቀይ ይጫወትበታል። ውስጡ ግን ጥቁር ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ የመሰለ ነገር አለ። በጎኑ ደግሞ የተጠማዘዘ ቡናማ ክር ይታያል። አንድ ደላላ «ይሄ የዓለም የመጀመሪያው ፍጥረት ነው፣ ባክቴሪያ ነው፣ በውድ ይሸጣል» አለኝ። እኔ ደላላ አላምንም፤ ቀን ሙሉ ከነሱ ጋር ነው የምውለው። ግን በዓይን የማይታይ ፍጥረት ድንጋይ ላይ አሻራ ይተዋል እንዴ? የኔስ እሱ ነው?

ቦርከና፦
ደላላው ባክቴሪያውን በምን አየው? ዓይኑ ማይክሮስኮፕ ነው እንዴ 😂

የደሴዋ መምህር፦
አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደህና ጥያቄ ነው። ጂኦሎጂ ስለማስተምር ትንሽ ላርዝምብህ።

«የመጀመሪያው ፍጥረት» የሚለውን ተወው። የእናንተ የደላንታ ገደል ባዛልት (ከቀለጠ አለት የረጋ ጥቁር ድንጋይ) እና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ኦፓላችሁ የሚወጣበት ቀጭን ድርብ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ የሚባል አገር፣ ባክቴሪያዎች የሠሩት 3.43 ቢሊዮን ዓመት የሆነው ድንጋይ አለ። ስትሮማቶላይት ይባላል። ባክቴሪያዎቹ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እንደ ስስ ምንጣፍ ይነጠፋሉ። ደለል ይይዛሉ፣ ኖራ ይረጋባቸዋል። ሲሸፈኑ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጡና ሌላ ምንጣፍ ይሠራሉ። እንዲህ ድርብ በድርብ ጉብታ ይሆናል። ዛሬም እዚያው አውስትራሊያ፣ ሻርክ ቤይ ላይ በሕይወት እያሉ ሲሠሩት ይታያል።

ሌላው መጠኑ ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። በዓይን የሚታዩ ጥቂት ግዙፍ ባክቴሪያዎች ቢኖሩም፣ አንተ ያለ ማይክሮስኮፕ ያየኸው ነገር አንድ ባክቴሪያ ነው ማለት ይከብዳል።

ጥቁሩ ዛፍ፣ ፎቶውን ሳላየው እንኳን፣ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ይመስለኛል። ማዕድን የያዘ ውሃ በስንጥቅ ሲገባ እንዲህ ቅርንጫፍ እያወጣ ይረጋል። ሕይወት የሚባል ነገር የለበትም።

ክሩ ግን እኔንም ያጓጓኛል። ሲሊካ (አሸዋና መስታወት የሚሠራበት ነገር) የሕያው ነገርን ቅሪት ጥሩ አድርጎ ያቆያል፣ ኦፓል ደግሞ ውሃ ያለበት ሲሊካ ነው። ካናዳ ውስጥ ጋንፍሊንት ከሚባል የሲሊካ ድንጋይ፣ 1.88 ቢሊዮን ዓመት የሆናቸው የረቂቅ ሕዋሳት ቅሪቶች ወጥተዋል። ታይለርና ባርግሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1954 ሲያሳውቁ ብዙ ሰው ተገርሟል። እናንተም ጋ ወደ ኦፓል የተለወጠ እንጨት እንደሚወጣ ከኔ በላይ ታውቃለህ።

ችግሩ ክርም ይዋሻል። በ1993 ሾፍ የተባለ ተመራማሪ ከዚያው ከፒልባራ ድንጋይ 11 ዓይነት ባክቴሪያ መሳይ ክር አገኘሁ አለ። በ2002 ብሬዚየርና ባልደረቦቹ፣ ድንጋዩ ፍል ውሃ ያለፈበት ስንጥቅ ነው፣ ክሩም ሕይወት ላይሆን ይችላል ብለው ተነሡ። ክርክሩ ለዓመታት ዘለቀ። በ2003 ደግሞ ጋርሲያ ሩዊዝና ባልደረቦቹ ባሪየም የሚባል ንጥረ ነገርና ሲሊካ ቀላቅለው፣ ያለ አንዳች ሕያው ነገር፣ የተጠማዘዘ ትል መሳይ ቅርፅ ቤተ ሙከራ ውስጥ አበቀሉ። ግሪንላንድ ላይ 3.7 ቢሊዮን ዓመት የተባለውን ስትሮማቶላይት ደግሞ የተቃወመችው አልዉድ የምትባል ተመራማሪ ናት። የፒልባራውን 3.43 ቢሊዮን «የሕይወት ሥራ ነው» ብላ የተሟገተችው እሷው ነች! እንዲህ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል።

ሐይቅ ዳር፦
መምህር፣ እኛ ጋስ? ሐይቃችን ሥር እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም?

የደሴዋ መምህር፦
አለ እንጂ እህቴ፣ ያውም ክርክር የሌለበት። ዲያቶም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ልብሳቸው ሲሊካ ነው። ሲሞቱ ሥጋቸው ይበሰብሳል፣ ልብሳቸው ደለሉ ውስጥ ይቀራል። ዓይነታቸው ደግሞ ከውሃው ጨውነትና ጥልቀት ጋር ይለያያል። ስለዚህ ደለሉን በቱቦ አውጥቶ የሚቆጥር ሰው ሐይቁ መቼ እንደሞላ፣ መቼ እንደጎደለ ያነብበታል።

የወገል ጤናው፦
እሺ መምህር፣ በእጄ ያለውን እንዴት ልለየው?

የደሴዋ መምህር፦
የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፣ ታውቃለህ። ንጹህ ውሃ ውስጥ ንከረው። ቀለሙ ይጠፋል፣ ድንጋዩ ግን እንደ መስታወት ይጠራል። ያኔ በአጉሊ መነፅር እያዟዟርክ እየው። ዛፉ በአንድ ስስ ገጽ ላይ ተኝቶ ከጎን ሲታይ መስመር ብቻ ከሆነ፣ የስንጥቅ ማንጋኒዝ ነው። ክሩ ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው? ውስጡ ክፍት ነው? ይህን ጻፍልኝ። ስታደርቀው ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ይሰነጠቅብሃል።

የወገል ጤናው፦
ነከርኩት። ዛፉ ከጎን ሲታይ መስመር ነው፣ አለቀለት። ክሩ ግን ስንጥቅ ላይ አይደለም፣ በድንጋዩ ውስጥ እየዞረ ይሄዳል። ውፍረቱም እኩል ነው።

የደሴዋ መምህር፦
እንግዲያው ክሩ የሕይወት አሻራ ሊሆንም ላይሆንም ስለሚችል በሱ በኩል አትሞርደው። ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ፣ ከላይና ከታቹ ምን ዓይነት አፈር እንደነበረ ቆፋሪውን ጠይቀህ ጻፍ፤ ቦታው ካልታወቀ ማንም ተመራማሪ አይነካውም። ፎቶውንም ላክልኝ። ለሚገዛህ ሰው ግን አሁን «ክር ያለበት ኦፓል» ከማለት ውጭ ምንም አትጨምር።