ማስታመምን ፌስቡክ ላይ መጻፍ፦ ማካፈል ነው ወይስ «እዩኝ»?

ጠያቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቱን የሚያስታምም ሰው ውሎውን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ቢጽፍ ሌላው አስታማሚ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። ግን «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» የሚል አስተያየት ወዲያው ይከተላል። ልዩነቱ በምን ይታወቃል? ከመለጠፉ በፊትስ ምን መታየት አለበት?

አርታዒዋ፦
ግሱን ተመልከቺ። በአማርኛ «እኔ» ለብቻው ብዙ አይቆምም፤ የግሱ ጅራት ላይ ነው የሚደበቀው። ጽፈሽ ስትጨርሺ በ«ሁ»፣ በ«ኩ» እና በ«ኝ» የሚያልቁትን አስምሪባቸው። «ሆስፒታል አደርኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ደከመኝ፣ ሆድ ባሰኝ» ሲሆን አራቱም ጸሐፊዋ ላይ ተመልሰው ይወድቃሉ፤ አንባቢው «አይዞሽ» ከማለት ሌላ የሚይዘው የለም። ያው ሌሊት እንዲህም ይጻፋል፦ «ለሚያድር ሰው ሁለት ጋቢ፣ አንዱ ታጥፎ ለወገብ። መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት በወረቀት ይያዝ፤ ተረኛ ነርስ ሲቀየር ይታይ።»

«ደከመኝ»ን ግን ጨርሰሽ አታውጪው። ድካም የሌለበት የማስታመም ጽሑፍ ውሸት ነው፤ የሚያነበውን አስታማሚ የባሰ ብቸኛ ያደርገዋል። የሚያበላሸው መደጋገሙ ነው። ደግሞ በ«ኝ» የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት የተጻፈው ነውና ረቂቁ ይደርና ጠዋት ይነበብ።

የስልክ ሠራተኛ፦
ፎቶ ካለ መጀመሪያ ዳር ዳሩን እዩ፤ የካርድ ቁጥር፣ ከአልጋው በላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ የጎን በሽተኛ ፊት። በስልኩ ማቅለሚያ ብዕር ስም መሸፈን አያስተማምንም፤ ቀለሙ ስስ ከሆነ ብርሃኑ ሲጨመር ከሥሩ ይነበባል። ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። በቴሌግራም «ፋይል» ተብሎ የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ተራ ፎቶ ላኩት። ፌስቡክ ላይ አንዴ «ፐብሊክ» የተደረገ ምርጫ ለሚቀጥለውም እዚያው ሊቆይ ስለሚችል በየልጥፉ ተመልከቱት።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። በሽተኛዋ ፌስቡክ የማትጠቀም ብትሆንስ?

ነርስ፦
እህቴ፣ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። እሷ ባታነብ ጠያቂ ጎረቤት ያነባል። በእኛ አገር ብዙ ቤተሰብ የበሽታውን ስም ከታማሚው ይደብቃል፤ ይገባል አይገባም ሌላ ክርክር ነው። አንቺ «ካንሰር» ብለሽ ከጻፍሽ ግን በማግስቱ ብርቱካን ይዛ የመጣች ጎረቤት አልጋው አጠገብ ታወጣዋለች። ስለዚህ ሐኪሙ ለእሷ የነገራትን ያህል ብቻ ጻፊ። ፈቃድ ስትጠይቂም «ስላንቺ ልጻፍ?» አይበቃም፤ ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት ሙሉውን ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ፊቷ ከተለወጠ ያንን መስመር አውጪ። ራቁትነቷ፣ ሽንት ጨርቋ፣ መዘባረቋ ብትፈቅድም አይለጠፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ተነጋገሩበት። ክፉው ቢመጣ፣ ገጹን የሚከታተል እንግዳ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፋል፤ ውጭ ያለው ልጅ ሥራ ቦታ ላይ በስልኩ ያየዋል። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቤቱ ሄዶ፣ በማለዳ የሚነገረው አጠገቡ የሚይዘው ሰው እንዲኖር ነው። ስለዚህ ያልተረዱትን ዘመዶች ስም የሚይዝ አንድ ሰው ይመደብ፤ ሁሉም መረዳታቸውን እሱ እስኪያረጋግጥ ገጹ ላይ ምንም አይጻፍ፣ አስተያየት መስጫውም ለጊዜው ይገደብ።