የተማሪ ሰርቪስ ካሜራ፦ ለድሬዳዋ ትራፊክ ፖሊስ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ በስብሰባው የተስማማንበት ረቂቅ ይኸው። በየሰርቪሱ ቀኝ በኩል ወደ ኋላ የሚመለከት ካሜራ ይገጠማል፤ ልጆች በሚወርዱበት ሰዓት በበሩና በእግረኛ መንገዱ መካከል ሾልኮ የሚያልፍ ባጃጅ ከነሰሌዳው ተቀርጾ ለትራፊክ ፖሊስ ይጠቆማል። ወጪውን ወላጆችና ባለንብረቶች እኩል ይከፍላሉ። ፖሊስን አነጋግራለሁ ያሉት የከዚራ ሰፈር ተወካይ እስካሁን ምላሽ አልሰጡም።

ወላጅ፣ ሳቢያን፦ ካሜራ ብቻውን አያስቀጣም። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት እንኳ በ2019 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ተብሎ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው የመኪናው ባለቤት ከ250 ዶላር ጀምሮ የሚቀጣው። ስለዚህ ጥያቄያችን ጥቆማችን በማስረጃነት እንዲያዝ ይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለም የልጆቻችን ፊት ያለበትን ምስል ማን እንደሚይዝ በረቂቁ ይጻፍ።

ባለንብረት፦ ካሜራውን አልተቃወምኩም። የምቃወመው በኋላ መስታወት ላይ «ካሜራ አለ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ መባሉን ነው፤ እዚያ ላይ የሟች አባቴ ስም ስላለ አልሸፍነውም።

ወላጅ፣ ገንደ ቆሬ፦ የባጃጁ ሾፌር ካሜራ መኖሩን አስቀድሞ ካላወቀ፣ ልጅ ከተገጨ በኋላ ምስሉ ምን ይፈይዳል? ለጌጥ ሲባል የልጅ ሕይወት አይያዝም።

ባለንብረት፦ የአባቴን ስም ጌጥ ያለ ሰው ቃሉን ያንሣ። መኪናዋን የገዛልኝ እሱ ነው።

ሹፌር፦ በጎን በሩ ላይ ይለጠፍ።

ወላጅ፣ ገንደ ቆሬ፦ ጎን በሩ ላይ ከሆነ ከኋላ ለሚመጣ አይታይም። ስሙን ግን ለማቃለል አልተናገርኩም፤ ከስሙ በታች ጠበብ ያለ ጽሑፍ ቢሆን እስማማለሁ።

ባለንብረት፦ ከታችም ቢሆን መስታወት አይነካ።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህ አንድ ነገር ላይ ከምንቆም፣ በሁሉም ሰርቪስ የኋላ አካል ላይ መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ቢጫ መስመር ይደረግ። መስመሩ ከመስታወት በታች ስለሚያልፍ የማንንም ጽሑፍ አይነካም። የተዋጣው ገንዘብ ለዚህ ይበቃል፤ ከዚያ የሚተርፈው ግን ከሁለት ካሜራ በላይ አይገዛም።

ባለንብረት፦ በዚህ እስማማለሁ።

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተስተካክሏል፤ ቢጫው መስመር ለሁሉም፣ ካሜራው ለሙከራ በሁለት መኪኖች።

ወላጅ፣ ሳቢያን፦ ቢጫ መስመር ሰሌዳ አይመዘግብም። ያዋጣነው ለካሜራ ነበር። ምስሉን ማን እንደሚይዝ ያነሣሁትም በአዲሱ ረቂቅ የለም፤ ሁለቱ መኪኖች የማን እንደሆኑና ፖሊስ ዘንድ ማን እንደሚሄድ ሳይጻፍ አልፈርምም።