የድሮዋን ናዝሬት እየሳልኩ በሮቹ ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለውን መንገድ፣ ከተማዋ ናዝሬት በምትባልበት ጊዜ እንደነበረው በዘይት ቀለም እየሳልኩ ነው። ጋሪው፣ ፈረሱ፣ ሻንጣ የተሸከመው መንገደኛ ሁሉ አለበት። በእጄ ያለው ፎቶ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። የሱቆቹ በሮች ቀለማቸው ምን ነበር? አንድ አባት «ሰማያዊ» ይሉኛል። ጓደኛቸው «ኧረ ተወኝ፣ አረንጓዴ ነው!» ብለው ይቆጣሉ።

«ዝም ብለህ ገምት» እንዳትሉኝ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቤርናርዶ ቤሎቶ በ1770ዎቹ (በአውሮፓውያኑ) የፖላንዷን ዋርሶን እስከ መስኮቷ ድረስ በዝርዝር ሥሏታል። ከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትወድም፣ መልሰው የገነቧት ባለሙያዎች ሥዕሎቹንም እንደ ማስረጃ ተጠቅመዋል። እሱም ቢሆን አንዳንዱን ሕንፃ እንዳሻው አሳምሮታል፤ የእኔም ፍርሃት እሱ ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንዱ ልጅ ሥዕሌን አይቶ «በሩ እንዲህ ነበር» ቢልስ?

ሠዓሊዎች፣ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ቦታ ምን ታደርጉታላችሁ? ደብዘዝ አድርጌ ልለፈው ወይስ ከሥዕሉ ጀርባ ልጻፈው? የአዳማ ልጆች ደግሞ፣ የቤተሰብ አልበም ውስጥ የዚያ መንገድ ባለ ቀለም ፎቶ ካላችሁ ባካችሁ አሳዩኝ። ሰው ፊት ለፊት ቆሞበት ቢሆንም ችግር የለም፣ እኔ የምፈልገው ከኋላ ያለውን በር ነው። የጋሪው መንኮራኩር ጎማ ይሁን እንጨት የሚያስታውስ ካለም ይንገረኝ።