የባህር ወንበዴዎቹን ፊልም ከልጆቼ ጋር ልየው ወይስ ይቅር?

ማር ወለላ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ እህቱ 8። ጓደኞቹ ሁሉ ስላዩት «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን»ን ካላየሁ ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ለቅዳሜ ማታ ቃል ገብቻለሁ። ችግሩ የልጁ ድፍረት ቀን ቀን ብቻ ነው። አጽምና መንፈስ ያየ ለታ ሌሊት አልጋዬ ውስጥ ነው የማገኘው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት መሀሉ ላይ ደርሼ ጥቂት አይቼ ምንም አልገባኝም፤ የሰከረ የሚመስል ሰው ይንገዳገዳል፣ ጩኸት ነው፣ ሰይፍ ነው። አብሬያቸው መቀመጤ ስለማይቀር እኔም ብወደው ደስ ይለኛል። ከየትኛው ክፍል ልጀምር? የሚያስፈራው የቱ ጋ ነው? ሰውስ ምኑን ነው እንዲህ የወደደው?

ሰርክ ፊልም፦
ከመጀመሪያው ጀምሪ እህቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው። 143 ደቂቃ ስለሆነ አምሽታችሁ አትጀምሩት። ደረጃው ፒጂ-13 ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ አስቀድሞ ያስብበት የሚል ማሳሰቢያ እንጂ ክልከላ አይደለም። በዲዝኒ ስም ከወጡት ፊልሞች ይህን ደረጃ ያገኘው የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ስለዚህ የዲዝኒን ምልክት አይተሽ የሕፃናት ፊልም ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ። ተከታዮቹን ለጊዜው አቆዪያቸው። ሁለተኛው ላይ ጺሙ እንደ ኦክቶፐስ ክንድ የሚርመሰመስ ካፒቴን አለ። ሦስተኛው ደግሞ የሚጀምረው ሰዎች በተራ ሲሰቀሉ ነው፣ ከመሀላቸውም አንድ ትንሽ ልጅ አለ። ያንን አሁን አታሳዪው።

መርከበኛው፦
መሀሉ ላይ ደርሰሽ ካልገባሽ አይፈረድብሽም። የዚህ ፊልም ፍቅር የሚይዘው መግቢያው ላይ ነው። ካፒቴን ጃክ ስፓሮው መጀመሪያ ሲታይ ከምሰሶ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል፣ ሙዚቃው ንጉሥ የመጣ ያስመስለዋል። ከሥሩ ትልቅ መርከብ ያለ ይመስልሻል። ወዲያው ወርዶ ውሃ በባልዲ እየቀዳ ሲደፋ ታያለሽ፤ ለካ የቆመው ትንሽ ጀልባ ላይ ነው፣ እሷም እየሰመጠች ነው። ወደቡ ሲደርስ ከውሃ በላይ የቀረው የምሰሶው ጫፍ ብቻ ነው። ከዚያው ላይ አንድ እርምጃ ተራምዶ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መሬት ይረግጣል። የወደቡ ሰው ማሰሪያ አንድ ሽልንግና ስሙን ሲጠይቀው ሦስት ሽልንግ ሰጥቶ ስሙን ያስረሳዋል፤ ሲያልፍ ደግሞ የሰውየውን የገንዘብ ከረጢት ብድግ አድርጎ ይሄዳል። ብልጥ ነው ወይስ ዕድለኛ? እስከ መጨረሻው ቁርጡን አታውቂም። ልጆች የሚያብዱለት ለዚህ ነው፣ እኔም እስካሁን ያልሰለቸኝ ለዚህ ነው። ጆኒ ዴፕ ለኦስካር የታጨበት ሚና ነው። ያ የሚንገዳገድ አረማመድም ስካር ብቻ አይደለም፤ ከጊታር ተጫዋቹ ከኪት ሪቻርድስ እንደቀዳው ራሱ ተናግሯል።

ጀልባዋ ወደቡ ከመድረሷ በፊት ተሰቅለው የቀሩ ወንበዴዎች አጽም ይታያል፤ አጭር ነው፣ ግን ለልጁ ቀድመሽ ንገሪው። ታሪክ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ጀልባዋ የምትደርስባት ከተማ ፖርት ሮያል የምር ጃማይካ ውስጥ የነበረች የወንበዴዎች መናኸሪያ መሆኗን ጨምሪለት። እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1692 በመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛው ክፍሏ ባሕር ውስጥ ገብቷል።

ጨረቃ ዳር፦
የሚያስፈራው የቱ ጋ እንደሆነ እኔ ልንገርሽ። ወንበዴዎቹ ይዘው የወሰዷት ልጅ ኤልዛቤት በመርከባቸው ላይ ራት ይቀርብላታል። ካፒቴን ባርቦሳ አይበላም፣ ስትበላ ብቻ ትክ ብሎ ያያታል። አረንጓዴ ፖም ሲሰጣት መርዝ ይሆናል ብላ ትፈራለች። እሱ ግን ከሰረቁት የአዝቴክ (የጥንት የሜክሲኮ ሕዝብ) ወርቅ የመጣውን እርግማን ይነግራታል፦ አይሞቱም፣ ግን ምግቡ አይጣፍጣቸውም፣ መጠጡ ጥማቸውን አይቆርጥም፣ ነፋሱ ገላቸው ላይ አይሰማቸውም። በቢላዋ ትወጋዋለች፣ ነቅሎ ያወጣዋል። አቁሚው፤ ቦታው እዚህ ነው። ሮጣ ስትወጣ የጨረቃ ብርሃን ያረፈበት ሁሉ አጽም ሆኖ ገመድ ሲስብ፣ ወለል ሲወለውል ታያለች።

ልጁን ከዚያ በፊት «እነዚህ ሰዎች የተራቡ ናቸው» በዪው። እውነቱም ይኸው ነው። በሌላ ፊልም የማይሞት ክፉ ሰው በኃይሉ ያስፈራል፤ እዚህ ግን አለመሞቱ ራሱ ቅጣት ነው። የሚፈልጉትም ሀብት አይደለም፤ የወሰዱትን 882 ሳንቲም አንድም ሳይጎድል ከነደማቸው መልሰው እንደ ሰው ፖም መግመጥ ነው። ልጅ የሚያዝንለትን ነገር ብዙ አይፈራም።

መጨረሻ ላይ ዋሻ ውስጥ ያለውን ፍልሚያ ደግሞ እንዳያመልጥሽ። ብርሃኑ ከላይ በቀዳዳ ይገባል፤ ሁለቱ ሰዎች እየተሞሻለቁ አንዴ ብርሃኑ ውስጥ፣ አንዴ ጨለማው ውስጥ ይገባሉ፣ ሥጋቸው አጽም ይሆናል፣ አጽሙ መልሶ ሥጋ። የሰይፉም የእርግማኑም ታሪክ እዚያ አንድ ይሆናል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሁለት ልጆች አሉኝ፦
ከጨረቃ ዳር ጋር በአንዱ አልስማማም። የኔዋ በ8 ዓመቷ አይታው ሦስት ሌሊት መብራት አላስጠፋችም፣ ምንም ያህል ባስረዳት። ለ11 ዓመቱ ይሁን፤ ትንሿን ግን ከራቱ በፊት አስተኚያት። እስከዚያ ያለው፣ አንጥረኛው ቤት ውስጥ ያለው የሰይፍ ፍልሚያ ጭምር፣ ይበቃታል።

ማር ወለላ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ልጁ ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም ቶሎ አያነብም። ያመልጠው ይሆን?

ሰርክ ፊልም፦
ንግግሩ ፈጣን ነው፣ ግን ፍልሚያውና ፊታቸው ብዙውን ይናገራል። የእርግማኑን ወሬ ብቻ አቁመሽ በራስሽ አፍ ተርኪለት።

ማር ወለላ (እሑድ)፦
አየነው! ትንሿ ራቱ ሳይደርስ ተኛች። ቢላዋው ላይ አቁሜ ነገርኩት፤ አጽሞቹ ሲመጡ እጄን ያዘኝ እንጂ ዓይኑን አልከደነም። የጀልባዋን ነገር ሦስት ጊዜ መልሰን አየን፣ እኔ ነኝ የጠየቅኩት። መጨረሻ ላይ ያቺ ፖም ከባርቦሳ እጅ ስትንከባለል ልጄ ዝም ብሎ ቆየና «አንዴ እንኳ ሳይቀምሳት» አለኝ። የተኛው በራሱ አልጋ ላይ ነው። መጋረጃውን ግን ዝጊልኝ አለ፤ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች።