የኬብል ቲቪ ሪሞት ሳውንድባርን (ከቲቪ ጋር የሚገጠመውን ድምፅ ማጉያ) እንዲያዝ ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች፣ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ ናት፣ ሶስት ሪሞት ግራ እያጋባት እኔ ስራ ስውል ድምፅ እንኳን መቀነስ አቅቷት ትቀመጣለች በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። የኬብል ኩባንያው የኮምካስት ኤክስአር11 ሪሞት ቲቪውን ያዛል፣ ሳውንድባሩን ግን እምቢ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሴትአፕ የሚለውን ተጭነህ ያዝ፣ መብራቱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲቀየር ልቀቅና የሳውንድባርህን ባለ 5 ዲጂት ኮድ አስገባ። አረንጓዴው ሁለቴ ብልጭ ካለ ተቀብሏል። ቀይ ካሳየህ ሌላ ሞክር፣ ለአንድ ብራንድ ብዙ ኮድ ስላለ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ።

መልስ፦ መጀመሪያ ሳውንድባሩ በኢንፍራሬድ (ሪሞት በሚልከው፣ በዓይን በማይታይ ብርሃን) መስራቱን እይ፣ በብሉቱዝ ብቻ ከሆነ ኮድ ብትደረድር ዋጋ የለውም። የራሱን ሪሞት ወደ ስልክህ ሰልፊ ካሜራ አዙረህ ተጫን፣ ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ካለ ኢንፍራሬድ ነው። ሌላው፣ በኤችዲኤምአይ አርክ (የቲቪውን ድምፅ ወደ ሳውንድባሩ በሚልከው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ) ካገናኘኸው ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲን (በኤችዲኤምአይ የተገናኙ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲተዛዘዙ የሚያደርገውን) አብራ፣ ያኔ ለቲቪው የምትልከው ቮልዩም ራሱ ወደ ሳውንድባሩ ያልፋል፣ እኔ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ በአርክ ሰራ! እማዬም መርቃችኋለች።